ወንድና ሴት ዳክዬን ለይቶ ማወቅ፦ ከጫጩትነት እስከ እንቁላል መጣል

ዶሮ ማርባት የለመደ ሰው ዳክዬ ማሳደግ ሲጀምር በቅድሚያ ከሚቸገርባቸው ጉዳዮች አንዱ ወንዱን ከሴቷ መለየት ነው። አውራ ዶሮ አናቱ ላይ በሚጎላው ቀይ ሥጋ፣ እግሩ ላይ በሚወጣው ሹል እሾህና በጩኸቱ ራሱን ያስታውቃል፤ ዳክዬ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ነጭ ዳክዬ ከሆነ ደግሞ ወንዱም ሴቷም በመልክ አንድ ሆነው ያድጋሉ።

ይሁን እንጂ ጾታቸውን በጊዜ ማወቅ የግድ ነው። በአብዛኛው ለአንድ ወንድ ከአራት እስከ ስድስት ሴቶች ሊኖሩ ይገባል። ወንዶቹ ከዚህ መጠን በላይ ሲበዙ ሴቶቹን ያለ ዕረፍት እየሰረሩ የአንገታቸውንና የጀርባቸውን ላባ ይነጫሉ፣ ቆዳቸውን ያቆስላሉ፤ ገንዳ ወይም ኩሬ ውስጥ ከሆኑም ጭንቅላታቸውን ውኃ ውስጥ ደፍቀው ሊገድሏቸው ይችላሉ። ዳክዬንና ዶሮን በአንድ በረት የሚያሳድር ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ወንድ ዳክዬ ከአውራ ዶሮ በተለየ የወንድ ብልት ያለው ወፍ በመሆኑ፣ ሴት ዶሮ ላይ ሲወጣ ከባድ የውስጥ ጉዳት ሊያደርስባት ይችላል። የሚፈለገው እንቁላል ብቻ ከሆነ ደግሞ ወንድ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሴት ዳክዬ ያለ ወንድም እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ግን ቢታቀፍ ጫጩት አይወጣውም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሠራ አንድ ደንብ መያዝ ያስፈልጋል፦ የአንድ ምልክት መኖርና አለመኖር እኩል ማስረጃ አይደሉም። ጅራቱ ላይ ወደ ላይ የተጠቀለለ ላባ ያለው ዳክዬ በአብዛኛው ወንድ ነው፤ የተጠቀለለ ላባ የሌለው ዳክዬ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ሴት ነው ሊባል አይችልም። ጮክ ብላ «ቋክ» የምትል ዳክዬ ሴት ናት፤ ዝም ያለ ዳክዬ ግን የግድ ወንድ አይደለም። ብዙ አርቢዎች የሚሳሳቱት ምልክቱን ባለማወቃቸው ሳይሆን ምልክቱ አለመታየቱን እንደ ማስረጃ በመቁጠራቸው ነው። ስለዚህ በየደረጃው «ምን አየሁ፣ ምን ሰማሁ» ብለው ይጠይቁ፤ ያላዩትንና ያልሰሙትን ገና እንዳልታወቀ ይያዙት።

ደረጃ 1፦ የዳክዬውን ዘር መለየት

በየቤቱና በየእርሻው የሚረቡት ዳክዬዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን ማላርድ ከሚባለውና ወንዱ አረንጓዴ ራስ ካለው የዱር ዳክዬ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ከቻይና ወደ አሜሪካ የገባው ነጩ ፔኪን፣ ሌላው ነጭ ዘር ኤልስበሪ፣ መልኩ የዱሩን የሚመስለው ትልቁ ሩዋን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ ግሎስተርሻየር አዴል ካምቤል ያዳቀሉት እንቁላል ጣዩ ካኪ ካምቤል፣ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ የሚሄደው ኢንዲያን ራነር፣ ጥቁሩ ካዩጋ እንዲሁም ዌልሽ ሃርለኩዊን ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው።

ሁለተኛው ወገን ሙስኮቪ ነው። መነሻው መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ፊቱ ላይ ቀይ ሥጋዊ እባጭ ያለው፣ ጥፍሩ የሰላ፣ አጥርና ዛፍ ላይ መውጣት የሚወድ የተለየ ዝርያ ነው። የማላርድ ወገን እንቁላል በ28 ቀን ገደማ ሲፈለፈል የሙስኮቪ እንቁላል 35 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ሁለቱ ቢዳቀሉም የሚወለዱት መካን ይሆናሉ። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ስለ ድምፅና ስለ ተጠቀለለ ላባ የሚነገረው ሁሉ ለሙስኮቪ ስለማይሠራ ነው። ሙስኮቪ ያለው ሰው የጅራቱ ላባ እስኪጠቀለል ቢጠብቅ ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል። የእርስዎ ዳክዬ ሙስኮቪ ከሆነ ደረጃ 2ንና ደረጃ 3ን ካነበቡ በኋላ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ይለፉ።

የማላርድ ወገን ከሆነ ደግሞ የላባውን ቀለም ያጢኑ። እንደ ሩዋንና ካኪ ካምቤል ያሉት ዘሮች ሲያድጉ የወንዱና የሴቷ መልክ ስለሚለያይ ቀለማቸው ተጨማሪ ማስረጃ ይሰጣል። ነጭ፣ ጥቁር ወይም ሌላ ወጥ ቀለም ያላቸው ግን ከላባቸው ቀለም የሚገኝ ነገር ስለሌለ ያለው መንገድ በዋናነት ድምፅና የጅራት ላባ ነው።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በዚህ ዕድሜ ሁሉም ጫጩቶች በአንድ ዓይነት ቀጭን ድምፅ ይጮኻሉ፣ መጠናቸውም ተመሳሳይ ነው። የእንቁላሉን ሹልነት በማየት፣ በክር የታሰረ ቀለበት ከእንቁላሉ በላይ በማንጠልጠል ወይም የመፈልፈያውን ሙቀት በመቀያየር ጾታ ይታወቃል ወይም ይወሰናል የሚባለው ሁሉ መሠረት የለውም። የወፍ ጾታ የሚወሰነው ከእናቲቱ በሚመጣው ክሮሞዞም ነው፤ ወንዱ ሁለት ዜድ ክሮሞዞም ሲኖረው ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት፤ ስለዚህ ነገሩ እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ያለቀ ነው።

በዚህ ዕድሜ ጾታን በርግጥ የሚያሳየው የፊንጢጣ ምርመራ ነው። የጫጩት መፈልፈያ ድርጅቶች የሚሠሩበትም ይኸው ነው፤ ከተፈለፈሉ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል፣ ከዚያ በኋላ በአካባቢው ያለው ጡንቻ እየጠነከረ ስለሚሄድ ሥራው ይከብዳል። አሠራሩ እንዲህ ነው። እጅዎን በሞቀ ውኃ ታጥበው ያድርቁ፤ ቀዝቃዛ እጅ ጫጩቱን ያስደነግጠዋል፣ ይብርደዋልም። ጥሩ ብርሃን ካለበት ቦታ ተቀምጠው ጫጩቱን በጀርባው መዳፍዎ ላይ ያስተኙትና ጅራቱ ወደ እርስዎ እንዲሆን ያድርጉ። ጅራቱን በአንድ ጣት ወደ ጀርባው በኩል በቀስታ ያጥፉ፤ በሌላው እጅዎ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ደግሞ የፊንጢጣውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ጎን ሳብ እያደረጉ የውስጡ ሮዝ ሥጋ ትንሽ ወደ ውጭ እንዲገለበጥ ያድርጉ። ኩስ ከወጣ በንጹሕ ጥጥ ጠርገው ይቀጥሉ። ወንድ ከሆነ በሆዱ በኩል ካለው ግድግዳ አንዲት ሹል፣ ነጣ ያለች፣ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ብልት ብቅ ትላለች፤ ሴት ከሆነች እጥፋት ያለው ለስላሳ ሥጋ ብቻ ይታያል።

ከላይ ያስቀመጥነው ደንብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ብልቷን በዓይኑ ያየ ሰው ጫጩቱን ወንድ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ብልቷን ያላየ ሰው ግን ሁለት አማራጭ አለው፤ ጫጩቷ ሴት ናት፣ ወይም ፊንጢጣው በበቂ አልተገለበጠም። ለዚህ ነው ጀማሪ የመረመራቸው ጫጩቶች ውስጥ «ሴት» የተባሉት ቁጥር ዘወትር የሚበዛው። ይህን ለማስተካከል ብሎ መጫን ደግሞ ከባድ ጥፋት ነው፤ የጫጩት ሆድ ስስ በመሆኑ፣ ውስጡም ያልተጠቃለለ የአስኳል ቅሪት ሊኖር ስለሚችል በጠንካራ ጣት የተጨመቀ ጫጩት የውስጥ አካሉ ተጎድቶ ሊሞት ወይም ዕድሜ ልኩን ሊጎዳ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ቆሞ እጅዎን ካላስተካከለ በስተቀር፣ ለቤት ለሚያድጉ ጥቂት ጫጩቶች ሲባል ይህን ምርመራ ባያደርጉ ይሻላል። ጥቂት ሳምንታት የታገሠ ሰው ጫጩቶቹን ሳይነካ መልሱን ያገኛል።

ጫጩቱን ሳይጨምቁ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር የሚጠቁሙ ሁለት መንገዶችም አሉ፤ ሁለቱም ግን ዘርን በርግጠኝነት ማወቅን ይጠይቃሉ። አንደኛው የዌልሽ ሃርለኩዊን ምንቃር ነው። በዚህ ዘር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ የወንዶቹ ምንቃር ጠቆር ያለ ሲሆን፣ የሴቶቹ ግን ፈዘዝ ያለና ጫፉ ላይ ብቻ ጠቆር የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የሁሉም ምንቃር እየጠቆረ ስለሚሄድ ልዩነቱ ይጠፋል፤ በእነዚያ ቀናትም ቢሆን አልፎ አልፎ የሚያሳስት ጫጩት አይጠፋም።

ሁለተኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ የዘር ማዳቀል ነው። ካኪ ካምቤልን ቡናማ የሚያደርገው ባሕርይ የሚገኘው በዜድ ክሮሞዞም ላይ ነው። አንድ አርቢ ንጹሕ የካኪ ካምቤል ወንድ ከሩዋን ሴት ወይም የዱር መልክ ካላት ሌላ ሴት ጋር ቢያዳቅል፣ ሴቶቹ ጫጩቶች ያላቸውን አንድ ዜድ ያገኙት ከአባታቸው ብቻ ስለሆነ ቡናማ ሆነው ይፈለፈላሉ፤ ወንዶቹ ግን ከእናታቸው የመጣው ሌላው ዜድ የቡናማውን ባሕርይ ስለሚሸፍንባቸው ጠቆር ያለ መሠረትና ቢጫ ጣል ጣል ያለው መልክ ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ጫጩቶቹ ደርቀው እንደቆሙ በቀለማቸው ብቻ መለየት ይቻላል። ማዳቀሉ ተገልብጦ፣ አባት ሩዋን እናት ካኪ ካምቤል ቢሆኑ ግን ሁሉም ጫጩቶች አንድ ዓይነት ጠቆር ያለ መልክ ይኖራቸዋልና ዘዴው አይሠራም። ለሙስኮቪም ተመሳሳይ መንገድ አለ፤ ቸኮሌት ቀለም ያለው ወንድ ከጥቁር ሴት ጋር ሲዳቀል ሴቶቹ ቸኮሌት፣ ወንዶቹ ጥቁር ይሆናሉ። በየጊዜው ጫጩት ለሚያስፈለፍል አርቢ ከዚህ የተሻለና ጫጩቱን የማያንገላታ ዘዴ የለም፤ ቢታወቅና ቢለመድ እጅግ ይጠቅማል።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ጫጩት ምልክት ማድረግ

ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ካልተደረገ ግን ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ጫጩቶቹ አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው ዛሬ የተመለከቱትን ምልክት ነገ በየትኛው ላይ እንዳዩት አያውቁም። የተለያየ ቀለም ያላቸው የፕላስቲክ የእግር ቀለበቶች ገዝተው ለእያንዳንዱ አንድ ያድርጉለት፤ ከዚያም በአንድ ደብተር ላይ ቀለሙን፣ ቀኑንና ያስተዋሉትን ይጻፉ። የዳክዬ እግር በጣም በፍጥነት ስለሚወፍር ቀለበቱ በየሳምንቱ መታየት አለበት፤ በቀለበቱና በእግሩ መካከል ክፍተት ከጠፋ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሰፊው ይለውጡት፤ አለበለዚያ ቆዳውን በልቶ እግሩን ያሳብጠዋል።

ደረጃ 4፦ ድምፁን ማዳመጥ

ለማላርድ ወገን ከሁሉ የበለጠ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ድምፅ ነው። ሴቷ ከፍ ያለ፣ ጥርት ያለና ሩቅ የሚሰማ «ቋክ ቋክ» ታሰማለች። ወንዱ በአንጻሩ በጉንፋን ድምፁ እንደተዘጋ ሰው የሻከረና የታፈነ ድምፅ ነው ያለው፤ ጮክ ብሎ ለመጮኽ ቢሞክርም አይወጣለትም። ዳክዬን የማያውቅ ሰው የሚጮኸው ወንዱ፣ ዝም የምትለው ሴቷ ትመስለዋለች፤ በዳክዬ ዘንድ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው።

ድምፅ ይህን ያህል የሚታመንበት ምክንያት በሰውነታቸው አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። የወፍ ድምፅ የሚመነጨው የአየር ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች ከሚከፈልበት ቦታ ላይ ካለው ሲሪንክስ ከተባለ አካል ነው። በወንዱ ዳክዬ ከዚህ አካል በስተግራ በኩል ውስጡ ባዶ የሆነ የአጥንት እብጠት አለ፤ በሴቷ የለም። ይህ እብጠት የሚሠራው ጫጩቱ ገና እንቁላል ውስጥ ሳለ ነው፤ በሴቷ ፅንስ ላይ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እንዳይበቅል ያግደዋል። እንግዲህ ላባ በየወቅቱ ይረግፋል፣ የምንቃር ቀለም ይለዋወጣል፣ ጠባይም እንደ መንጋው ይለያያል፤ ይህ አጥንት ግን ከተፈለፈለበት ቀን እስከሚሞትበት ቀን ያው ነው። በቻይና ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ይህንኑ እብጠት በአንገቱ ሥር በጣት እየዳሰሱ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ይለያሉ።

የድምፁ ልዩነት በጆሮ መሰማት የሚጀምረው ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ሳምንት አንስቶ ነው። በቅድሚያ የሚለወጠው የሴቶቹ ድምፅ ሲሆን፣ በቀጭኑ ጩኸት መሐል አልፎ አልፎ ወፍራም «ቋክ» ብቅ ይላል፤ ወንዶቹ ግን ለተወሰኑ ሳምንታት በጫጩትነት ድምፃቸው ከቆዩ በኋላ ቀስ እያለ ይሻክራል። እንደ ዘሩና እንደ ጫጩቱ የሚዘገይ ስላለ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ሳይሞላ የመጨረሻ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ማዳመጡ ሥርዓት ይፈልጋል። በመንጋው መሐል የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ መለየት ስለሚያስቸግር አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል። በጸጥታው ሰዓት፣ በተለይ ማለዳ ከመመገባቸው በፊት ወይም አመሻሽ ላይ፣ አንዱን ዳክዬ ብቻ ከወገኖቹ በካርቶን ይለዩት፤ ሌሎቹ እንዲሰሙት እንጂ እንዲያዩት አያድርጉ። ብቻውን መሆኑን ሲረዳ ይጣራል፤ የእርስዎ ሥራ ዝም ብሎ መስማት ነው። ካልተጣራ ደግሞ ቀስ ብለው ያንሱት፦ ሁለቱን ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር በሁለት እጅ አቅፈው፣ እግሮቹ ከሥር ተደግፈው። ብዙዎቹ በዚህ ጊዜ ድምፅ ያሰማሉ። ዳክዬን በእግሩ ወይም በክንፉ አንጠልጥሎ መያዝ በፍጹም አይገባም፤ እግሩ ከሰውነቱ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ደካማ ስለሆነ መገጣጠሚያው በቀላሉ ይጎዳል። የሰሙትን በደብተርዎ ከጻፉ በኋላ ከአንድ ሳምንት በኋላ ያንኑ ይድገሙ። ሁለት ጊዜ ጥርት ያለ «ቋክ» የተሰማባት ዳክዬ ጉዳይዋ አልቋል፣ ሴት ናት። የሻከረ ድምፅ ያለው ግን ተጨማሪ መጠበቅ ይገባዋል፤ የመተንፈሻ በሽታ የያዛት ሴትም ድምፅዋ ሊሻክር ይችላልና፣ በአፍንጫው ፈሳሽ ካለ ወይም ሲተነፍስ የሚያፏጭ ከሆነ እስኪድን ይጠብቁ።

ደረጃ 5፦ ላባውንና ምንቃሩን ማየት

ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ወንዱ ጅራቱ ላይ ከላይ በኩል ጥቂት ላባዎች ያበቅላል፤ እነዚህ ላባዎች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ከመሄድ ይልቅ ወደ ላይ ተነሥተው ወደ ጀርባው ይጠቀለላሉ። ነጭ ዳክዬም ሆነ ጥቁር፣ የማላርድ ወገን ወንድ ሁሉ ይህ አለው። ወንዱ ላባውን ሲለውጥ ግን ይረግፋል፣ ሲጣላም ሊነቀል ይችላል፤ ሻጭ ነቅሎት ሊሆንም ይችላልና ገበያ ላይ «የተጠቀለለ ላባ ስለሌላት ሴት ናት» ተብሎ የሚቀርብልዎትን ዳክዬ ድምፁን ሳይሰሙ አይግዙ። ሻጩ አንድ ደቂቃ ለብቻው እንዲያቆምልዎ ይጠይቁ።

የዱር መልክ ያላቸውን ዘሮች ለሚያሳድግ ሰው የላባ ቀለም መልካም ረዳት ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ላባቸው ሲወጣ ወንዶቹም ሴቶቹም ቡናማ ዝንጉርጉር ስለሚሆኑ ሁሉም ሴት ይመስላሉ፤ ከዚያ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ገደማ የሩዋን ወንድ ራሱ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ይሆናል፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት፣ ደረቱ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም ይወጣል። ሴቷ እንደ ቀድሞዋ ትቀራለች። የካኪ ካምቤል ወንድ ራሱና አንገቱ ከቀረው አካሉ ጠቆር ብሎ ነሐስ የመሰለ አረንጓዴ ሲያሳይ፣ ሴቷ ከራስ እስከ ጅራት ካኪ ናት። ምንቃርም ቢሆን ይለያያል፤ የሩዋን ወንድ ምንቃር ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ሲሆን፣ የሴቷ ብርቱካናማ ሆኖ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ጥላ አለው።

ከዚህ በኋላ አርቢውን ግራ የሚያጋባ ወቅት ይመጣል። የማላርድ ወገን ወንዶች የእርባታው ጊዜ ሲያበቃ ውብ ላባቸውን ጥለው ለጥቂት ወራት ሴት የሚመስል ደብዛዛ ላባ ይለብሳሉ፤ የተጠቀለለውም ላባ አብሮ ይረግፋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ የሚሆነው በአብዛኛው በበጋቸው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፤ የቀኑ ርዝመት ሲቀያየር የሚነሣ ለውጥ ስለሆነ፣ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ በሆኑበት በኢትዮጵያ ያለ አርቢ ከውጭ የተጻፈ የወር አቆጣጠር ከመከተል ይልቅ የራሱን ዳክዬዎች ቢከታተል ይሻለዋል። የረገፈ ላባ በረቱ ውስጥ በብዛት ካዩ፣ በዚያ ሰሞን የላባን ምስክርነት አይቀበሉ።

ተቃራኒው ሁኔታም ያጋጥማል። እንቁላል ስትጥል የኖረች ሴት ዳክዬ አርጅታ ወይም ታማ አረንጓዴ ራስና የተጠቀለለ የጅራት ላባ ልታወጣ ትችላለች። በዳክዬ ዘንድ የወንዱ ዓይነት ላባ እንዳይወጣ የሚያግደው ኤስትሮጅን ነው፤ የምትሠራው ግራ እንቁልጢዋ (እንቁላል የሚፈጠርባት አካል) ስትጎዳ ሆርሞኑ ስለሚቀንስ ላባዋ ወደ ወንድ መልክ ይዞራል። ድምፅዋ ግን አይለወጥም፤ አጥንቱ ያልበቀለው እንቁላል ውስጥ ሳለች ነውና፣ የወንድ ላባ ለብሳ ጮክ ብላ «ቋክ» ትላለች። ላባና ድምፅ ሲጣሉ ድምፅን ማመን ያለብን ለዚህ ነው። እንዲህ ያለችውን ዳክዬ ባለሙያ ቢያያት ይመረጣል፤ የእንቁልጢዋ ጉዳት ምክንያቱ ዕብጠት ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ስለ ጠባይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። መሳረር፣ ራስን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ፣ አንዱ ሌላውን ማባረር በሁለቱም ጾታ ይታያል፤ ሴት ዳክዬ ሴት ዳክዬ ላይ ትወጣለች፣ በተለይ ውኃ ውስጥ። በጠባይ ብቻ ጾታን አይወስኑ።

ደረጃ 6፦ ሙስኮቪ

ሙስኮቪን መለየት ሲያድግ ቀላል ነው፤ ዋናው ማስረጃ ግዝፈት ነው። አዋቂ ወንድ ከ4.5 እስከ 6.8 ኪሎ ግራም ሊመዝን ሲችል፣ ሴቷ ከ2.3 እስከ 3.6 ኪሎ ግራም ትሆናለች፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሌላ ዘር እስኪመስሉ ድረስ ይራራቃሉ። ልዩነቱ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ይገለጣል። ከዚያ በፊት የሚታየው እግር ነው፤ የወንዶቹ ቅልጥምና የእግር መዳፍ ከሴቶቹ ይልቅ ወፍራምና ሰፊ ነው። ለማነጻጸር ግን ጫጩቶቹ የአንድ ቀን ፍልፍሎች መሆን አለባቸው፤ የሳምንት ልዩነት ያላቸውን ጎን ለጎን ማስተያየት ያሳስታል። በሳምንት አንድ ቀን በኩሽና ሚዛን እየመዘኑ በቀለበቱ ቀለም ቢመዘግቡ፣ ቁጥሮቹ በሁለት ጎራ ሲከፈሉ ያያሉ።

ሲያድጉ በወንዱ ፊት ላይ ያለው ቀይ እባጭ ሰፍቶ ዓይኑንና የምንቃሩን ሥር ይከብባል፤ በሴቷ ላይ አነስ ብሎ ይቀራል። ድምፃቸውም ከሌሎቹ የተለየ ነው። ወንዱ አይጮኽም፣ ትንፋሹን እየገፋ «ህህህ» የሚል ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ያሰማል፤ አናቱ ላይ ያለውን ላባ አቁሞ ጅራቱን እያወዛወዘ ራሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያደርጋል። ሴቷ ቀጭንና ለስላሳ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አላት፤ ስትደነግጥ ካልሆነ በስተቀር «ቋክ» የሚመስል ነገር አይሰማባትም።

ደረጃ 7፦ ካደጉም በኋላ ያልታወቁ ዳክዬዎች

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ተደርጎ ጥርጣሬ የቀረባቸው አዋቂ ዳክዬዎች ካሉ የቁርጥ ማስረጃ የሚሰጡ ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው እንቁላል ነው። ሴት ዳክዬ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ወር ባለው ዕድሜ መጣል ትጀምራለች፤ የማላርድ ወገን ዳክዬዎች ደግሞ የሚጥሉት በአብዛኛው ሌሊት ወይም ማለዳ ነው። ስለዚህ የተጠራጠሩበትን ዳክዬ ማታ ማታ ጭድ በተነጠፈበት ክፍል ለብቻው ከውኃ ጋር አሳድረው፣ ጠዋት ረፈድ ሲል ይክፈቱለት። በተከታታይ ጥቂት ቀናት ውስጥ እንቁላል ከተገኘ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። አዲስ ቦታ የተዘጋባት ዳክዬ ደንግጣ ለቀናት ልታቋርጥ ስለምትችል፣ ባዶ ጭድ ማግኘት ወንድነትን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው የዳሌ አጥንት ነው። ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች በጣት ይዳሰሳሉ። በምትጥል ሴት ላይ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያስገባል፣ ሲነኩም ለስለስ ብለው ይታጠፋሉ፤ በወንድና በማትጥል ሴት ላይ ግን ጠባብና ጠንካራ ናቸው። ሰፊ ከሆነ ሴት ናት፤ ጠባብ ከሆነ ምንም አልታወቀም።

ሦስተኛው የዘረ መል ምርመራ ሲሆን፣ አገልግሎቱን የሚሰጥ ላቦራቶሪ ባለበት አገር ለሚኖር አርቢ ይጠቅማል። በአሜሪካ ጾታቸው ያልተለየ የዳክዬ ጫጩቶች በፀደይ ወራት በእርሻ ዕቃ መደብሮች ስለሚሸጡ፣ በግቢያቸው ጥቂት የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን ምርመራ ይጠቀሙበታል። ናሙናው ከደረት ላይ የተነቀሉ ጥቂት ላባዎች ናቸው፤ ሴሎቹ ያሉት በሥሩ ላይ ስለሆነ መሬት ላይ የወደቀ አሮጌ ላባ አይጠቅምም። ላባዎቹን በንጹሕ እጅ ይንቀሉ፣ ሥራቸውን በጣትዎ አይንኩ፣ የእያንዳንዱን ዳክዬ ለየብቻ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርገው የእግሩን ቀለበት ቀለም በላዩ ይጻፉበት፤ ሁለት ዳክዬ ነክቶ ሥሩ የተቀላቀለ ላባ የሚያመጣው ውጤት ለማንኛቸውም አይሆንም።